ስለ ባልትናና ስለ ማድ ቤት ዕቃ

ባልትና የሚባለው እህሉን መርጦ፥ አጥቦ፥ ፈጭቶ፥ አቡክቶና አብስሎ ለቤተ ሰብ ጤናና ደስታ የሚስማማ ምግብ አድርጎ የማቅረብ ሙያ ነው። ይህ ሙያ ብዙውን ጊዜ በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ የኖረ ትልቅ ዕውቀት ነው። በትምህርት ቤት ግን እንደ ዕውቀት የሚቈጥረው ጥቂት ሰው ነው። ልጆች የሩቅ አገር ወንዞችንና ተራሮችን ስም ያጠናሉ፤ በየቀኑ የሚበሉት እንጀራ ስለ ምን ዓይን እንደሚያወጣ ግን የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ የመንደር አስተማሪዎችና የአገር ሽማግሌዎች ይህን ነገር ተመልክተው ለልጆች ቢያስተምሩት ጥቅሙ ብዙ ነው።

ስለ ማድ ቤት ነገር ሕዝቡ ሁለት ምሳሌዎች አሉት። አንደኛው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። ሁለተኛው «ሙያ ከጎረቤት» ይላል። የመጀመሪያው ዕቃ መለወጥ ብቻውን ባለሙያ እንደማያደርግ ያስረዳል። ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያ የሚሆነው ከሌላው የሚማር ሰው መሆኑን ይናገራል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ምሳሌ ስለ ወጡ ጣዕም ብቻ እንጂ ስለ እሳቱና ስለ ጢሱ የተነገረ አይደለም። ጉልቻ ቢለወጥ ወጥ ባያጣፍጥም እንጨትን ይቈጥባል፥ ዓይንንም ያድናል።

፩ኛ፤ ሙያ ከጎረቤት

ሴቶች በቡና ሰዓት፥ በገበያ መንገድና በማኅበር ቀን ሲገናኙ በዚያ ሰሞን ምን እንደ ሠሩና በምን ዕቃ እንደ ሠሩት ይጫወታሉ። ይህ ጨዋታ ለማያስተውል ሰው ተራ ወሬ ይመስለዋል፤ ለሚያስተውል ግን ትምህርት ነው። በዐቢይ ጾም አንዲቱ የስልጆዋን አሠራር ትናገራለች፤ የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውሃ አብስላ፥ ሰናፍጭ ጨምራ፥ ከድና ጥቂት ቀን በማቈየት እንዴት እንዳኮመጠጠችው ትገልጻለች። ሌላይቱ ደግሞ «እትዬ፥ የእርስዎ ሽሮ ስለ ምን አይጓጉልም?» ብላ ትጠይቃለች። ታላቂቱም «ዱቄቱን አስቀድሜ በቀዝቃዛ ውሃ እበጠብጠዋለሁ፤ ከዚያም እስኪፈላ ድረስ ማማሰያውን ከእጄ አላወጣም» ብላ ትመልሳለች። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ፤ አንዱ የዱቄትና የሙቅ ውሃ ጠባይ ነው፥ ሁለተኛውም የትዕግሥት ጥቅም ነው።

ባለሙያ ሴት ከዕቃዋ ሁሉ መካከል አብልጣ የምትወደው አይታጣም። አንዲቱ ለጎረቤት የማታውሰው ሙቀጫና ዘነዘና አላት፤ በርበሬና ቅመም ስትወቅጥበት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሌላይቱ የሸክላ ድስቷን ትወዳለች፤ ሸክላ ቀስ ብሎ ይግላል፥ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ስለዚህ ከእሳት ከወረደ በኋላ እንኳ ወጡ ጥቂት ጊዜ ሲንተከተክ ይቈያል። የብረት ድስት ግን ፈጥኖ ስለሚግል ፈጥኖ ያሳርራል፤ ቁሌት የሚቁላላበት ሴት ዓይኗን ከእርሱ ማንሣት የለባትም። እንግዲህ አንዱ ዕቃ ለሁሉ አይሆንም፤ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ የባልትና መጀመሪያ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ምጣድና ስለ እንጀራ

አዲስ ምጣድ እንደ ተገዛ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ይኸውም ምጣዱን በእሳት አግሎ፥ በተፈጨ የጎመን ዘር ደጋግሞ እያሹ፥ ፊቱ ጠቍሮ እንደ መስተዋት እስኪለሰልስ ድረስ መሥራት ነው። የጎመን ዘሩ ቅባት በሙቀቱ ኀይል በሸክላው ቀዳዳ ገብቶ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሊጡ አይጣበቅበትም። በየእንጀራውም መካከል በማሰሻ መጥረግ ይህንኑ ልስላሴ ለመጠበቅ ነው።

ሊጡ በቡሓቃ ተቦክቶ ካለፈው ቡኮ በተረፈው እርሾ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቈያል። በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ረቂቃን አሉ፤ እነርሱ የዱቄቱን ስኳር እየበሉ አንዱ ወገን ኮምጣጣነትን፥ ሌላው ወገን አየርን ያወጣሉ። ከሊጡ ጥቂቱን ቀንሶ በፈላ ውሃ አብስሎ መልሶ መቀላቀል አብሲት መጣል ይባላል፤ የበሰለው ክፍል ሊጡን አያይዞ አየሩን እንዲይዝ ይረዳዋል። ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ያ አየር በሙቀት ሰፍቶ እየፈነዳ ይወጣል፤ የወጣበትም ቀዳዳ የእንጀራ ዓይን ነው። ከዚያ አክንባሎ ሲከደንበት እንፋሎቱ ተመልሶ የላዩን ፊት ያበስለዋል። ስለዚህ እንጀራ ሳይገለበጥ ከታች በምጣዱ፥ ከላይ በእንፋሎቱ ይበስላል። ይህን ሁሉ ያገኙት የጥንት እናቶች ናቸው፤ የዛሬ ሊቃውንት ምክንያቱን ገለጹት እንጂ አሠራሩን አላስተማሩም።

፫ኛ፤ ስለ እሳትና ስለ ጢስ

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት በነፋስ ፊት የተገለጠ ነው። እንጨቱ ከሚሰጠው ሙቀት ከ100 እጅ ብዙውን ጊዜ ከ20 እጅ የማይበልጠው ብቻ ወደ ድስቱ ይደርሳል፤ የቀረው በጎንና በጎን ይጠፋል። ይህም ማለት እናትና ልጅ ከሩቅ ተሸክመው ካመጡት ከ5 እንጨት 4ቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለከንቱ ይነዳል ማለት ነው።

ከእንጨቱ ጥፋት የጢሱ ጥፋት ይከፋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2020 በአውሮፓ አቈጣጠር በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ጢስ የሕፃናትን ሳንባ ያሳምማል፤ በትልልቆችም ላይ የሳንባና የልብ በሽታ፥ የዓይን ሞራም ያመጣል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር የሚውል ሕፃን የእናቱን ያህል ጢስ ይስባል። ሰው ይህን በሽታ «የብርድ ነው» እያለ ምክንያቱን ሳያውቀው ይኖራል።

ለዚህ መድኀኒቱ እሳቱን መክበብ ነው። በትግራይ ምጣዱ ሞጎጎ ይባላል፤ ምድጃውንም በጭቃ ከብቦ መሥራት የቈየ ልማድ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ «ምርጥ» የተባለ፥ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ተፈለሰፈ። ይህ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲመዛዘን የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። በዚያው ዘመን «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም ወጣ፤ እርሱም የውስጡ ሸክላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሰል ይቈጥባል። ምድጃውን መግዛት ያልቻለ ሰው ጭቃን ከጭድ ጋር አቡክቶ፥ ለእንጨት ማስገቢያ አንድ በር፥ ለጢስ መውጫም አንድ ቀዳዳ ትቶ በምጣዱ ዙሪያ ቢሠራ ከተገለጠ እሳት እጅግ ይሻለዋል። የተከበበ እሳት ዳዴ የሚል ሕፃን በነበልባል ላይ እንዳይወድቅም ይከላከላል።

ነገር ግን ጥሩ ምድጃ እንኳ ጢስን ፈጽሞ አያጠፋም። ስለዚህ ማድ ቤቱ ከበሩ ሌላ መስኮት፥ በጣሪያውም ሥር የጢስ መውጫ ያስፈልገዋል። እንጨቱም ተፈልጦ በፀሐይ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት አስቀድሞ ውሃውን ለማትነን ሙቀቱን ይጨርሳል፥ ጢሱም ይበዛል።

፬ኛ፤ ስለ ድስትና ስለ ክዳን

ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደጋ ሰው ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚለው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ እንጨት ይጨምራል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ ፈጥኖ ይተናል እንጂ። ስለዚህ ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስና መክደን ብልኀት ነው። ጥራጥሬውንም በዋዜማው ዘፍዝፎ ማሳደር የማብሰያውን ጊዜ ያሳጥረዋል።

ዴኒስ ፓፐን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1679 በአውሮፓ አቈጣጠር እንፋሎት የማያስወጣ ጽኑ ክዳን ያለው ድስት በለንደን ከተማ ፈለሰፈ። እንፋሎቱ ሲታፈን ግፊቱ ይበረታል፤ ግፊቱም ሲበረታ ውሃው ከተለመደው በላይ ይሞቃል። ዛሬ በከተማ ብዙ ቤት የሚገኘው ፕሬዠር የሚባለው ድስት ከዚህ የመጣ ነው፤ በውስጡ ሙቀቱ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ጥራጥሬን በአጭር ጊዜ ያበስላል። ሆኖም የእንፋሎት መውጫው እንዳይደፈን በየጊዜው መጽዳት አለበት፤ እንፋሎቱም ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን የከፈተ ሰው ክፉኛ ይቃጠላል።

፭ኛ፤ አስተማሪው እንዴት እንደሚያስተምር

አስተማሪው ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ቢናገረው ፍሬው ጥቂት ነው። አስቀድሞ ሽማግሌዎችን አማክሮ ከመንደሩ ባለሙያ ሴቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን በክብር ወደ ትምህርት ቤት ይጥራ። እያንዳንዳቸው በዚያ ሳምንት የሠሩትን ምግብና አብልጠው የሚወዱትን ዕቃ ከነምክንያቱ ይንገሩ። ልጆችም ሴት ወንድ ሳይባል የሰሙትን ይጻፉ፤ በቃል ብቻ የኖረው ዕውቀት በዚህ አኳኋን በጽሕፈት ይጠበቃል።

ከዚህ በኋላ ፈተና ይደረግ። ከአንድ ዓይነት ደረቅ እንጨት በሚዛን እኩል የሆኑ ሁለት እስር ይዘጋጅ። አንዲት ሴት በአንድ ምጣድና በአንድ ሊጥ፥ አንድ ቀን በጉልቻ፥ በማግሥቱም በተከበበ ምድጃ 10፣ 10 እንጀራ ትጋግር። የተረፈው እንጨት በሚዛን ተመዝኖ በሰሌዳ ይጻፍ። ሸክላው ምጣድ መጀመሪያ እስኪግል ብዙ እንጨት ስለሚበላ፥ ጎረቤታሞች በአንድ የጋለ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ምን ያህል እንደሚተርፍም ልጆች በዚሁ ሊያሰሉ ይችላሉ።

ሽማግሌዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። አባወራ ለሞፈርና ለቀንበር ሲያስብ ለምድጃ አያስብም፤ የማድ ቤት ነገር የሴት ብቻ ነው ይላልና። ነገር ግን በማረሻ የተገኘ እህል ያለ ምድጃ ምግብ አይሆንም፤ በጢስ የታወረች እናትም የቤቱ ሁሉ ጉዳት ናት። አንድ የተከበረ ሽማግሌ በገዛ ቤቱ ምድጃ ቢያሠራ ከብዙ ስብከት ይልቅ መንደሩን ያስተምራል።

አዲስ ዕቃ በመጣ ጊዜም ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። የምግቡን ጣዕም ይጠብቃልን? እንጨትንና ድካምን ይቀንሳልን? ዓይንንና ሳንባን ያድናልን? ሦስቱን ያሟላ ዕቃ ከየትም ቢመጣ መልካም ነው፤ ሦስቱን ያሟላ የቀድሞ ዕቃም አሮጌ ተብሎ አይጣል።

ለልጆች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. እንጀራ ሳይገለበጥ ላዩ እንዴት ይበስላል?
2. በደጋ አገር ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ስለ ምን ነው?
3. ውሃ ከፈላ በኋላ እንጨት መጨመር ምን ይጐዳል?
4. በቤታችሁ ማድ ቤት ጢሱ በየት በኩል ይወጣል? የሚወጣበት ከሌለው ምን ይደረግ?