የጎበዝ ባልንጀራ ጥላ፤ የአንድ ሠራተኛ ቁጥር እንዴት እንደሚመረመር

ነጋዴ ሠራተኛ ለመቅጠር ወይም ሽርክና ለመግባት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ነው። «ይህ ሰው አምና ይህን ያህል ሸጠ» ከተባለ ወዲያው ደመወዝ ይቆረጥለታል። ነገር ግን ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ግምቱ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ቁጥሩ የተገኘው በሰውየው ችሎታ ሳይሆን ከጎኑ በቆመው ሰው ችሎታ የሆነ እንደ ሆነ ነው። ይህን ነገር በግልጽ የሚያሳይ መዝገብ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ይገኛልና ትምህርታችንን ከዚያ እንጀምራለን።

በዚህ ጨዋታ ከየቡድኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ በረዥም ዱላ ይመታሉ። ከስድስቱ ሦስቱ አጥቂዎች ሲሆኑ፣ አብረው ገብተው አንድ ደቂቃ ያህል ከተጫወቱ በኋላ አብረው ይወጣሉ። በመዝገቡም ግብ ላገባው አንድ ነጥብ ይጻፍለታል፤ ላቀበሉትም እስከ ሁለት ሰዎች ድረስ ለየአንዳንዳቸው እኩል አንድ ነጥብ ይጻፍላቸዋል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ እጅግ የላቀ ሲሆን የሌሎቹም ሒሳብ አብሮ ይወፍራል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ማሪዮ ሌሚዩ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ለፒትስበርግ ቡድን መጫወት ጀመረ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመንም 100 ነጥብ አገኘ። ከጎኑ ዋረን ያንግ የተባለ የ28 ዓመት ሰው ተሰለፈ። ያንግ ከዚያ በፊት በዋናው ሊግ የተጫወተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን 40 ግብ አገባ። በ1985 የዲትሮይት ቡድን ይህን ቁጥር አይቶ አስፈረመው። በዲትሮይት ሌሚዩ አልነበረምና በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ያገባው 22 ግብ ብቻ ሆነ፤ ቡድኑም ከሊጉ መጨረሻ ወጣ። ያንግ ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ በ1986-87 ቢጫወትም ከ8 ግብ አላለፈም። እንግዲህ ዲትሮይት ሰውየውን ገዛ እንጂ ቁጥሩን ያስገኘውን ባልንጀራ አልገዛም።

ይሁን እንጂ ከጎበዝ አጠገብ የቆመ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ያሪ ኩሪ በኤድመንተን ቡድን ከታላቁ ዌይን ግሬትስኪ ጋር ሲጫወት በ1987-88 ያገኘው 96 ነጥብ ነበር። በነሐሴ ወር 1988 ግሬትስኪ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሸጠ፤ ኩሪ ግን በሚቀጥለው የውድድር ዘመን 102 ነጥብ አገኘ። የኩሪ ቁጥር የራሱ መሆኑ የታወቀው ጥላው በተነሣ ጊዜ ነው።

ሦስተኛም ዓይነት ሰው አለ። ዴቭ ሴሜንኮ በኤድመንተን ግብ በማግባት የታወቀ አልነበረም፤ ሥራው ግሬትስኪን በጉልበት ሊጎዱት የሚሹትን ማስፈራት ነበር። የዚህ ሰው ጥቅም በነጥብ መዝገብ አይታይም፤ ቢሆንም ጎበዙ ያለ ስጋት እንዲሠራ አድርጓል። በየንግድ ቤቱም ዕቃውን በጊዜ ከጉምሩክ የሚያወጣ፣ መጋዘኑን የሚጠብቅ፣ ዱቤውን የሚሰበስብ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

ይህን ወደ ሥራችን እናምጣው። አንድ ቡና ላኪ ብዙ ውል የተዋዋለ ሠራተኛ ከሌላ ድርጅት ሊወስድ አሰበ እንበል። ውሉ የበዛው በሠራተኛው የመሸጥ ችሎታ ነውን፣ ወይስ ቡናውን ቀምሶ ደረጃውን የሚለየው ባልደረባው ስላልተሳሳተ ነው? ይህን ሳይጠይቅ ደመወዙን እጥፍ ቢያደርግ የዲትሮይት ዕዳ ይደርስበታል። ስለዚህ የሚከተሉትን መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ ሰውየው ከዚያ ጎበዝ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ምን ሠርቶ ነበር? የአንድ ዓመት ሒሳብ ብቻ በቂ ምስክር አይደለም።

2ኛ፤ ጎበዙ በታመመበት ወይም ዕረፍት በወጣበት ወራት ሥራው እንዴት ሆነ? ዛሬ የሆኪ መርማሪዎችም አንድ ተጫዋች ከባልንጀራው ጋር ሳለና ያለ እርሱ ሳለ የሠራውን ለይተው ይቈጥራሉ።

3ኛ፤ በሒሳብ የማይጻፍ ምን አገልግሎት ሰጠ? ይህን የሚያውቁት አብረውት የሠሩት ናቸው።

4ኛ፤ ጥርጣሬ ካለ መጠነኛ ደመወዝ ቆርጦ ቀሪውን ከሽያጩ በሚታሰብ ኮሚሲዮን ማድረግ ለሁለቱም ወገን ፍርድ ነው።

የዚህም ተቃራኒ መዘንጋት የለበትም። ከደካሞች ጋር የተሰለፈ ብርቱ ሠራተኛ ቁጥሩ አነስተኛ ስለ ሆነ ብቻ ማንም ሳይፈልገው ይቀራል። ቁጥርን ከባልንጀራ ለይቶ ማንበብ የሚችል ነጋዴ ግን ከኪሣራ መዳን ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎች የናቁትን ሰው በተገቢ ዋጋ አግኝቶ ይጠቀማል።