ጠይቆ መማር አያሳፍርም፤ ለሠራተኛ ሁሉ የሚሆን ምክር



ሰው ሁሉ በሥራው ከፍ ማለትን ይወዳል። ተማሪው መምህር ለመሆን ይመኛል፤ ጸሐፊው የጸሐፊዎች አለቃ፣ የአናጢውም ረዳት ዋና አናጢ ለመሆን ይመኛል። ይህ ምኞት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጌታችን በመክሊት ምሳሌ የነቀፈው መክሊቱን የቀበረውን ሎሌ እንጂ ነግዶ ያበዛውን አይደለምና። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ጥቂት ከተማሩ በኋላ ዕድገታቸው ባለበት ይቆማል። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሐፍረት የተነሣ ነው። የተማረ የተባለ ሰው፣ ይህን አላውቅምና አስተምረኝ ማለትን ያፍራል፤ ይልቁንም የሚያውቀው ሰው በዕድሜ ወይም በማዕርግ ከእርሱ የሚያንስ ሲሆን ሐፍረቱ ይበረታል።

ይህ ሐፍረት ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል፤ ፍሬውን ግን ተመልከት። የመድኃኒቱን ልክ የዘነጋ ነርስ ባልንጀራውን መጠየቅ አፍሮ በግምት ቢሰጥ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። የማመልከቻው ነገር በደንብ ያልገባው ጸሐፊ እንደ ገባው ሆኖ ቢጽፍ ጉዳዩ የሚበላሽበት ባለጉዳዩ ነው። የሕፃኑን ጥያቄ መመለስ ያቃተው መምህር ከራሱ ፈጥሮ ቢመልስ ሐሰቱን ይዞ የሚያድገው ሕፃኑ ነው። እንግዲህ ሐፍረቱ የአንዱ ሲሆን ጉዳቱ የሌላው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ሲገባ ዝም ማለት ባልንጀራን መበደል መሆኑን እንወቅ። አባቶቻችን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብለዋል፤ ካለመጠየቅ ግን ከሹመት የሚበልጥ ነገር ይቀራል።

ይህን ነገር በግልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ከአገራችን ተወላጆች መካከል እናገኛለን። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የቀድሞ ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ የባሪያ ነጋዴዎች ሰረቁት፤ ከጌታ ወደ ጌታም እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ. ም. ነጻ ወጣ፤ በከተማይቱም አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ተጠመቀ፤ ኋላም ወደ ስዊድን አገር ተልኮ ከ1876 እስከ 1881 ተማረ። በዚያ ዘመን ከወገኖቹ መካከል ይህን ያህል ትምህርት ያገኘ ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ።

ይህ የተማረ ሰው ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም በጀመረ ጊዜ ግን ጉድለት አገኘ። የጐደለውም የባዕድ ቋንቋ አልነበረም፤ የገዛ እናቱ ቋንቋ ነበረ እንጂ። በልጅነቱ ከወገኖቹ ስለ ተለየ ለዚህ ታላቅ ሥራ የሚበቃ የቃላት ሀብት አልነበረውም። ባወቀው ልክ ጽፎ ማለፍ ይችል ነበር፤ እንዲህ ቢያደርግ ግን ጉድለቱ መጽሐፉን በሚያነብበው ሕዝብ ላይ በወደቀ ነበር።

በዚያው በእምኩሉ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እርስዋም ለባርነት ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ከነጋዴዎች እጅ ያስጣሏት ነበረች። በዕድሜ ከኦኔሲሞስ ታንሳለች፤ ትምህርትዋም ከእርሱ ትምህርት ያነሰ ነበረ፤ ነገር ግን ኦሮምኛን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ኦኔሲሞስም የጐደለውን ከእርስዋ ለመቀበል አልናቀም። አስቴር የኦሮምኛን ቃላት ሰበሰበች፤ ይህም ድካምዋ በ1893 የታተመውን የሐዲስ ኪዳን ትርጕም ለማቃናት ጠቀመ። ደግሞም 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሕፈት አኖረች፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገቡ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ታተመ። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ ሲገቡ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚያነብበው መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር።

ወንድሜ ሆይ፤ እኅቴም ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ ጉድለትህን ለይተህ እወቅ። ሁላችንም ጐደሎ ነን ብሎ በጅምላ መናገር ቀላል ነው፤ ማንንም አያሳፍርም፤ ማንንም ደግሞ አያሻሽልም። ይህን ሒሳብ መዝጋት አልችልም፤ ይህ ቃል አልገባኝም ብሎ ለይቶ መናገር ግን ይከብዳል። ትምህርት የሚጀምረው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፤ ዕውቀትን ባለበት ስፍራ ፈልግ። ከአንተ በታች ያለው ሠራተኛ አንተ ያላየኸውን አይቶ ይሆናል። ምስክር ወረቀት የሌለው ሽማግሌ ሠራተኛ እንጨቱ በክረምት እንዴት እንደሚጣመም ከመሐንዲሱ ይልቅ ሊያውቅ ይችላል። ከእርሱ ብትማር ማዕርግህ አይቀንስም፤ ቤቱ ግን ይጸናል።

ሦስተኛ፤ የረዳህን ሰው ስም አትሸሽግ። በመጽሐፍ ቅዱሱ የርእስ ገጽ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ ታሪኩን ኋላ የመረመሩ ሰዎች ግን አስቴር አብራ ተርጓሚ ልትባል ይገባት እንደ ነበር መስክረዋል። እኛ በቀደሙት ላይ ለመፍረድ አልተቀመጥንም። ነገር ግን በዛሬው ሥራችን ረዳታችን የደከመበትን በስማችን ብቻ ብናቀርብ፣ ከደመወዙ እንደ ቀነስንበት ያህል ነው። አለቃህ ሲያመሰግንህ የረዳህ ሰው በአጠገብህ ባይኖር ስንኳ ስሙን ጥራ።

እንግዲህ ከሳምንቱ ሥራ ባረፍህ ጊዜ ብቻህን ተቀምጠህ ራስህን መርምር። በዚህ ሳምንት ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሆኜ ያለፍሁት ነገር ምንድር ነው? በእርሱስ የሚጎዳ ማን ነው? ሊያስተምረኝ የሚችለውስ ማን ነው? መልሱን ባገኘህ ጊዜ እስከ ሌላ ሳምንት አትቆይ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ወደዚያ ሰው ሂድና ጠይቀው።