የቁልፍ ጠባቂ በሊኑክስ ላይ

ኤስኤስኤች-ኤጀንት የተከፈተ የግል ቁልፍን በራም (በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይዞ የሚጠብቅ ትንሽ የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። የሚያገለግለው ኤስኤስኤች የተባለውን ከሩቅ ሰርቨር ጋር በምስጢር የመገናኛ ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ የፊንላንዱ ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነው። የኮድ ማከማቻው ጊትሀብም ከነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለጊት ሥራ የይለፍ ቃል መቀበል ስላቆመ፣ ከወረታ ከተማ ሆኖ ኮድ የሚልክ ወጣት ቁልፍ ወይም ቶክን (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያገለግል የምስጢር ኮድ) ያስፈልገዋል።

ቁልፉ ጥንድ ነው። ይፋዊው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። የግሉ ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም፤ በይለፍ ሐረግም ይቆለፋል። ብዙ ሰው ግን ሐረጉን ደጋግሞ መጻፍ ይሰለቸውና ባዶ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሲሰረቅ ሰርቨሩም አብሮ ይሰረቃል። ኤጀንቱ ይህን ችግር ይፈታል። ሐረጉ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ሰርቨሩ ማንነት ለማረጋገጥ በግሉ ቁልፍ የተሠራ ፊርማ በጠየቀ ቁጥር ራሱ ይፈርማል፤ ቁልፉን ግን ለጠያቂው አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂም የተፈለገውን ንዋይ ያወጣል እንጂ ቁልፉን አሳልፎ አይሰጥም።

ትዕዛዞቹ ከዚህ በታች በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይመታሉ።

1. ተርሚናል ተከፍቶ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519» ይጻፋል። የይለፍ ሐረግ ሲጠየቅ ረጅምና ለባለቤቱ የማይረሳ ይመረጣል።

2. «ኤስኤስኤች-አድ -ኤል» ኤጀንቱ መነሳቱን ያሳያል። በብዙ ዴስክቶፖች ተጠቃሚው ሲገባ በራሱ ይነሳል። ግንኙነት መክፈት አልተቻለም የሚል መልስ ከመጣ ኤጀንቱ አልተነሳም ማለት ነው።

3. «ኤስኤስኤች-አድ» ቁልፉን ለኤጀንቱ ያስረክባል። «-ቲ 3600» ከተጨመረበት ቁልፉ ከ3,600 ሰከንድ ማለትም ከ1 ሰዓት በኋላ ከራም ይጠፋል።

4. በ«ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ይፋዊው ቁልፍ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። ለጊትሀብ ግን በድረ ገጹ ቅንብር ውስጥ ይለጠፋል።

ቁሐር ሚካኤል በተባለው ቀበሌ መብራት ሄዶ ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ቢጠፋ፣ ሲመለስ ኤጀንቱ ባዶ ነው፤ ሐረጉም እንደገና ይጠየቃል። ይህ ብልሽት አይደለም። የተከፈተው ቁልፍ ዲስክ ላይ ስላልተጻፈ፣ የተዘጋ ማሽን የሚያገኝ ሌባ እጅ የሚገባው የተቆለፈው ቁልፍ ብቻ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ ለሌላ ሰው ከመለቀቁ በፊት «ኤስኤስኤች-አድ» በትልቁ «-ዲ» ቁልፎቹን ከኤጀንቱ ያስወጣል። ኤጀንቱን ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚያሻግረው የ«ኤስኤስኤች» ትዕዛዝ ትልቁ «-ኤ» ደግሞ ለታመነ ሰርቨር ብቻ ይሁን፤ የዚያ ሰርቨር አስተዳዳሪ ግንኙነቱ እስኪዘጋ ድረስ በባለቤቱ ስም ማስፈረም ይችላልና።