ቋጠሮ በቋጠሮ

በማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የወረደ ሰው መረባቸውን የሚጠግኑ ዓሣ አስጋሪዎችን ያያል። መረብ ተቀደደ ተብሎ አይጣልም። አስጋሪው ቀዳዳውን ፈልጎ ያገኝና ቋጠሮ በቋጠሮ ይሠራዋል፤ ነገ ቆሮሶ ይያዝበታል። ማንበብ ያስቸገረው ልጃችሁም ይህን የመሰለ ትዕግሥተኛ ዓይን ይሻል።

ተረት አንዴ ሰምቶ በቃሉ የሚይዝ፣ ባጃጅ ሲበላሽ “ምን ነካው?” ብሎ የሚመራመር ልጅ ደብተር ሲገልጥ “ለ”ን ከ“ሰ” ያምታታል፤ ትናንት ያነበበው ቃል ዛሬ ይጠፋበታል። ያኔ “ሰነፍ” እንለዋለን። ይህች ቃል ትቅር! ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር የአእምሮ ማነስ ምልክት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚከብደው የቃልን ድምፆች መለየትና ከፊደል ጋር ማገናኘት ነው። ሸክሙን ደግሞ አስቡት፤ የአማርኛው ዋና ገበታ ብቻ 33 በ7፣ 231 ፊደል ነው። ብዙ የሐዋሳ ልጆች በዚህ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉትን ሲዳምኛንና እንግሊዝኛን ይጨምራሉ።

“የንባብ ችግርን የሚመረምረው ባለሙያ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ እንዴት እንመላለስ?” ትሉ ይሆናል። ደስ የሚለው፣ ብዙው ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ባለሙያው በቪዲዮ ልጁን ያጫውተዋል፤ ያስነብበዋል፤ ቁጥሮችን አስደግሞ የማስታወስ አቅሙን ያያል። የተቸገረው ድምፅ በመለየት ይሁን ትኩረቱን በመሰብሰብ ይመረምራል። ከዚያ የሳምንቱን ልምምድ ለእናንተ ያስረክባል። እናንተ የልጁን ንባብ ቀድታችሁ በቴሌግራም ትልካላችሁ፤ እሱ ሰምቶ ቀጣዩን ይነግራችኋል። ለሙሉ ምርመራ በአካል መገናኘት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዓይኑንና ጆሮውንም አስቀድማችሁ እዚያው ሐዋሳ አስመርምሩ። የየዕለቱ ልምምድ ግን በእናንተ እጅ ነው።

“እኔ ምን አውቄ?” አትበሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበሩም፤ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ባለሙያ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሉባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ በአማርኛ ድምፆች ላይ የቆመ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም፣ የእናት ፍቅር ዕውቀት ሲፈልግ እስከ ምን እንደሚደርስ አሳይተውን አልፈዋል። ኦቲዝምና ዲስሌክሲያ ይለያያሉ፤ የወላጅ ጽናት ግን ለሁለቱም ትልቅ ድጋፍ ነው።

ዛሬ ማታ ጀምሩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ደብተሩን ዝጉና በጆሮ ተጫወቱ። “ቤት” የሚለው ቃል በምን ድምፅ ይጀምራል? በምንስ ያልቃል? ቀጥሎ አንድ ፊደል ብቻ ምረጡ፤ በጣቱ አሸዋ ላይ ይጻፈው፤ እየጻፈም ድምፁን ጮክ ብሎ ይጥራ። በመጨረሻ የተሳካለትን ለይታችሁ ንገሩት፤ “ጎበዝ” ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ “‘ሰ’ን ዛሬ ሳትሳሳት ለየሃት” በሉት። ሲደክመው አቁሙ፤ ነገም ቀን ነው። ያያችሁትን ጻፉ፤ ለመምህሩም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

አስጋሪው መረቡን የሚጠግነው ሐይቁ ውስጥ ዓሣ እንዳለ ስለሚያምን ነው። እናንተም በልጃችሁ ውስጥ ያለውን እመኑ፤ ዛሬ አንድ ቋጠሮ እሰሩ።