መኪናው ገባ፣ ቻርጀሩስ? የሰቆጣ መስመር ሂሳብ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ ተደረገ። መንግሥት በአንድ እጁ በር ዘጋ፣ በሌላው ዋጋ ቀነሰ ማለት ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ሥራ የቻርጅ ጣቢያ ነው።

ወደ ሰቆጣ መስመር ለማሰማራት ላሰበ ባለሀብት ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ያለውን ርቀት 720 ኪሎ ሜትር እንያዝ። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በኪሎ ሜትር 0.2 ቢበላ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲተው 240። ስለዚህ ሞልቶ የተነሣ መኪና መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይሞላል። አንዱ ሙሌት በ7 ኪሎዋት ቻርጀር 7 ሰዓት ያህል፣ በ50 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልዩነቱ 14 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ቆሞ መዋል ነው። የዋግ ኽምራ ዳገት ሲታከል ፍጆታው ይጨምራል፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው።

ኃይሉስ? 300 ሜጋዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ ከዋግ ደጃፍ ነው፤ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ማመንጨት ሌላ፣ ማድረስ ሌላ። በሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ለረዥም ጊዜ ያለ መብራት መቆየቷን ነጋዴው አይዘነጋውም።

ከባሕር ማዶም ትምህርት አለ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ለሃይድሮጅን ማደያዎች ድጎማ ሰጥቷል፤ ያም ሆኖ ሼል እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያ የነበሩትን የአውቶሞቢል ሃይድሮጅን ማደያዎቹን ዘጋ። መኪናው በባለቤቱ እጅ ቀረ፣ የሚሞላበት ቦታ ግን ጠበበ።

እንግዲህ ኤልሲ ከመክፈት በፊት ሦስት ጥያቄ ይቅደም፦ ዛሬ የሚሠራው ቀረጥና ታክስ ስንት ነው? በመስመሩ ላይ በእርግጥ የሚሠራ ፈጣን ቻርጀር የት አለ? መብራት ቢጠፋ ማን ይተካል? በመመሪያ የተሰጠ ማበረታቻ በመመሪያ ሊነሣ ይችላል። ጣቢያው ከሌለ ደግሞ ርካሹ መኪና ውድ ነው፤ ምናልባት የተሻለው ንግድ ጣቢያውን መትከል ሊሆን ይችላል።