ከምግብ ጠረጴዛ የተነሳ ግኝት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የእህቴ ልጅ የካንሰር ተመራማሪ መሆን ትፈልጋለች። ሰሞኑን ግን "ጋሼ፣ ይሄን ያህል ሰው ያልቻለውን እኔ ምን ልጨምር?" አለችኝ።

ከባድስ ከባድ ነው። እንክርዳድ ያረመ ገበሬ ምክንያቱ ቶሎ ይገባዋል፤ ቡቃያው ከስንዴው አይለይማ! ባክቴሪያ ከእኛ ህዋስ ስለሚለይ እኛን ብዙም ሳይጎዳ የሚገድለው መድኃኒት አለ። ካንሰር ግን የገዛ ህዋሳችን ነው። ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ህዋሳትን ሲያሳድድ የጸጉርን ሥር፣ የአንጀትን ሽፋንና መቅኔንም አብሮ ይመታል። በዚያ ላይ በአንድ ዕጢ ውስጥ ያሉት ህዋሳት እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። መድኃኒቱ ብዙዎቹን ቢጨርስም የተቋቋሙት ጥቂቶች ይራባሉ፤ በሽታው ሲያገረሽ ያው መድኃኒት አይበግረውም።

ለእህቴ ልጅ የዶክተር ጃኔት ራውሊን ታሪክ ነገርኳት። የሺካጎዋ ሐኪም አራት ወንዶች ልጆች ሲያሳድጉ ለብዙ ዓመታት የሠሩት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር። (በእኛ ሰፈር ቢሆን "ትምህርቷን አባከነችው" ይባልላቸው ነበር።) በማይክሮስኮፕ የተነሱ የክሮሞዞም ፎቶዎችን ቤታቸው ይዘው ይገቡና በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ በመቀስ እየቆረጡ ያጣምራሉ። ልጆቻቸው "እማማ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ባለባቸው ሕሙማን ላይ 22ኛው ክሮሞዞም አጥሮ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ይታወቃል። የጎደለው ቁራጭ የት ገባ? ራውሊ ፎቶዎቹን ደጋግመው ሲያዩ 9ኛው ክሮሞዞም ያለወትሮው ረዝሞ አገኙት። ቁራጩ አልጠፋም፤ ክሮሞዞሞቹ ተለዋውጠዋል! ግኝታቸው በ1973 ታተመ። ዕድሜያቸው 48 ነበር።

ሌሎች ከዚያ ቀጠሉ። የተሳሳተው መገጣጠም ለህዋሱ "ተራባ፣ ተራባ" የሚል የማይጠፋ ትእዛዝ የሚሰጥ ፕሮቲን እንደሚፈጥር ተደረሰበት፤ ያንን ፕሮቲን የሚያቆም ኪኒን ተቀመመ። ግሊቬክ የተባለው ይህ ኪኒን በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ራውሊ የ76 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው በሽታ ለብዙዎች በኪኒን የሚኖሩበት ሆነ።

ሁሉም ካንሰር እንዲህ እጁን አይሰጥም። ያኛው በአንድ ዋና ስህተት የቆመ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ብዙ ስህተት ያጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህም ሐኪም ብቻ አይበቃም፤ ኬሚስትም፣ የሒሳብ ሰውም፣ ኮምፒውተር የሚያውቅም ይፈለጋል።

አንቺም ይህን የምታነቢ ተማሪ፣ ዛሬ ማታ የባዮሎጂ መጽሐፍሽን ስለ ህዋስ ክፍፍል የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ክፈቺው። ያልገባሽን አንድ ነገር ጻፊና ነገ መምህርሽን ጠይቂ። መልሱ "እሱ ገና አልታወቀም" ከሆነ ደብተሩን እንዳትጥዪው።