ትምህርት 14፤ የዘወትር ኑሮና የዘመድ ጥየቃ

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች ሆይ፤ «ስለ ቤታችሁ ኑሮ ጻፉ» ወይም «ዘመድ ለመጠየቅ ያደረጋችሁትን ጉዞ ግለጹ» የሚል ርእስ ሲሰጣችሁ ሥራው ቀላል ይመስላችኋል። ነገሩን ታውቁታላችሁና። ይሁን እንጂ ባዶ ሆነው ከሚገኙት ድርሰቶች ብዙዎቹ በእነዚህ ርእሶች የሚጻፉት ናቸው። አንዱ ተማሪ «በቤታችን በሰላም እንኖራለን፤ ሁላችንም እንዋደዳለን» ብሎ ያቆማል። ሌላው «ጉዞው እጅግ አስደሳች ነበር፤ ብዙ ነገር አየሁ» ብሎ ይጨርሳል። ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አንባቢው ሳያውቅ ይቀራል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይላሉ። ዘወትር በዓይናችን ሥር ያለውን ነገር ልብ ብለን አናየውም። ዘመድ ለመጠየቅ ከቤት መውጣት ከሚሰጠው ጥቅም አንዱም ይኸው ነው። ሌላ ደጅ ካየን በኋላ የራሳችንን ደጅ አስተውለን መመልከት እንጀምራለን።

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ የዘወትር ኑሮንና አንድ ጊዜ የተደረገን ጉዞ ለይቶ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን የግሥ ጊዜ መምረጥ ነው።

ለ. ስለ ቦታው

ለምንባቡ የተመረጠው አገር ወላይታ ነው። ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቍልቍል እየወረደ በሁምቦ በኩል ያልፍና የአባያን ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር ተከትሎ ይሄዳል። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ታላቅ ሐይቅ ሲሆን፣ ከሶዶ ጋር ሲነጻጸር 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

በወላይታ አንዱ ወንድም በደጋ፣ ሌላው በቆላ ሆኖ የሚኖርበት ቤተሰብ ብዙ ነው። በደጋው ሕዝቡ እየበዛ የእርሻው መሬት ጠበበ። ቆላው ሰፊ ቢሆንም የወባ በሽታ ያስፈራ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ «ዋዱ» በሚል አጠራር የታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ሥራ ሲቋቋም፣ ከደጋ የመጡ ገበሬዎች በአባያ አቅራቢያ ባለው በአበላ ቆላ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ለመጠየቅ ከዳሞታ ወደ አባያ መውረድ፣ ከአባያም ወደ ዳሞታ መውጣት የተለመደ ነገር ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ምንባቡ አንዲት ተማሪ እንደ ጻፈችው ሆኖ ለአብነት የተዘጋጀ ድርሰት ነው።

ሐ. ምንባብ፤ ቀዩ ውኃ

ቤታችን ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተዳፋት ላይ ይገኛል። እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ትነሣለች። እሳቱን ካቀጣጠለች በኋላ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል ጋር ታፈላለች። እኔ የላሟን ማደሪያ እጠርጋለሁ፤ ፍጉንም በቅርጫት ተሸክሜ በቤታችን ዙሪያ በተተከለው እንሰት ሥር እደፋለሁ። እንሰት ፍግ ይወዳል፤ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል። በደረሰ ጊዜ እናቴና ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ይፍቁታል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የተፋቀው ደግሞ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይወጣዋል።

አባቴ ዝናብ ሊዘንብ ሲል በደጃችን ያለውን ቦይ ይጠርጋል። ክረምት በመጣ ቍጥር ከላይ የሚወርደው ቀይ ጎርፍ በዚያ ቦይ ያልፋል። ጎርፉ ወደ ቤት እንዳይገባ እንጠነቀቃለን እንጂ ከደጃችን ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አናስብም ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥር ዕረፍት እናቴ በአባያ ዳር ወደምትኖረው አክስቴ ላከችኝ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ቅል ቅቤ አሸከመችኝ። ጠዋት ከሶዶ መናኸሪያ ተነሣን። መኪናው ቍልቍል በወረደ መጠን ሙቀቱ በረታ፤ ሁምቦ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ከዋናው መንገድ ወርጄ ጥቂት በእግሬ እንደ ሄድሁ አክስቴ ከበቆሎ ማሳዋ ውስጥ አየችኝ። «ሳሮ! ሳሮ!» እያለች መጣች። «ሳሮ» በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። አገላብጣ ከሳመችኝ በኋላ ራቅ ብላ ተመለከተችኝና «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን በቁመት ልታልፊያት ነው እኮ!» አለችኝ።

በአክስቴ ቤት አምስት ቀን ቈየሁ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለሚያይል ሁላችንም ከማንጎው ጥላ ሥር እናርፍ ነበር። ማታ ማታ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ደጅ ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ እየበላን እንጫወት ነበር። በመኝታ ሰዓት አክስቴ አጎበሩን በእጇ ትዘረጋልኝና ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ትወትፍልኝ ነበር። «የደጋ ልጅ ለወባ እንግዳ ናት» ትል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከአክስቴ ባል ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። አዞ ስላለ ከውኃው ራቅ ብለን ከአንድ ግራር ሥር ቆምን። ሐይቅ ሁሉ ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር፤ ያየሁት ውኃ ግን ቀይ ነው። የአክስቴ ባል ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ውኃ በጠርሙስ ተቀብለው ሰጡኝ።

«ይህን ቀለም አላወቅሽውም?» አሉኝ።

ዝም አልሁ።

«የእናንተ አፈር ነው፤ የደጋዎቹ። በክረምት በደጃችሁ ያልፋል፤ መጥቶ እዚህ ያድራል» አሉኝ።

ጠርሙሱን ወስጄ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥሁት። በማግሥቱ ሳየው ውኃው አልጠራም። በሁለተኛውም ቀን አልጠራም። አባቴ የሚጠርገው ቦይ ትዝ አለኝ።

ወደ ሶዶ ስመለስ በሁምቦ ኮረብታዎች ላይ የለመለመ ደን አየሁ። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓይኔን ተከትለው ተመለከቱና «እነዚህ ኮረብታዎች ራቁታቸውን ነበሩ። ለማገዶና ለከሰል እንቈርጥ ነበር፤ ጎርፉም ማሳችንን ይወስድ ነበር። በኋላ ተስማምተን ከለልናቸው። የሞተ የመሰለን ጉቶ አቈጠቈጠ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ጠርሙሱን ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ ጠርሙሱን እያገላበጠ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። «ለካ ቦዩን ስጠርግ አፈሬን እየሸኘሁ ኖሯል» አለ። በዚያው ሳምንት በማሳችን ግርጌ የዝሆን ሣር በረድፍ ተከልን።

መ. ስለ ምንባቡ

በምንባቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለትምህርቱ የተፈጠሩ ናቸው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። የአባያ ውኃ የሚቀላው ከደጋ በወንዞች ተጠርጎ የሚገባው የላመ አፈር በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቈይ ነው። ከእነዚህም ወንዞች አንዱ በወላይታ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚያልፈው ብላቴ ነው። የሽማግሌውም ቃል ታሪክ አለው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሁምቦ ገበሬዎች በወርልድ ቪዥን አጋዥነት 2,728 ሄክታር የተራቈተ መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። አብዛኛው ደን አዲስ ችግኝ በመትከል የተገኘ አይደለም፤ በመሬት ውስጥ በሕይወት የነበረው ሥርና ጉቶ ሲጠበቅና ሲገረዝ ራሱ አቈጥቍጦ ያደገ ነው። ገበሬዎቹ ደኑን የሚያስተዳድሩት በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ነው።

አሁን አጻጻፉን እንመልከት። ልጅቱ «በጣም ተደሰትሁ» ወይም «አክስቴ ትወደኛለች» የሚል ቃል አልጻፈችም። ነገር ግን የማንጎውን ጥላ፣ የሐይቁን ነፋስና የተጠበሰውን ዓሣ ስናነብ ዕረፍቱ ይሰማናል። አክስቲቱ የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር ስትወትፍ ፍቅሯ ይታያል። ደግሞም በመጀመሪያው ክፍል እንደ ዋዛ የተጠቀሰው ቦይ በመጨረሻው ክፍል የድርሰቱ ዋና ጕዳይ ሆኗል። የቤቱ ኑሮ ባይጻፍ ኖሮ የሐይቁ ቀለም ለአንባቢው ምንም ባላለው ነበር።

ሠ. ሰዋስው

በምንባቡ ውስጥ ሦስት ዓይነት የግሥ አጠቃቀም እናገኛለን።

1. አሁንም ዘወትር የሚደረግ ድርጊት። ምሳሌ፦ «ትነሣለች፣ ታፈላለች፣ እጠርጋለሁ፣ ያልፋል»። በዚህ ጊዜ ግሡ «አለ» ከሚለው ረዳት ግሥ ጋር ይጣመራል፤ «ትነሣ» እና «አለች» ተጣምረው «ትነሣለች» ይሆናሉ። ይኸው ቅርጽ ለትንቢትም ያገለግላል፤ «ነገ ማልዳ ትነሣለች» እንላለን። ስለዚህ የዘወትር ድርጊት መሆኑን የሚያሳውቁ እንደ «ዘወትር፣ በየቀኑ፣ በመጣ ቍጥር» ያሉ ቃላት ይጨመራሉ።

2. ቀድሞ ይደጋገም የነበረ ድርጊት። ምሳሌ፦ «እናርፍ ነበር፣ ትወትፍልኝ ነበር፣ እንቈርጥ ነበር»። «ነበር» ብዙ ጊዜ ልማዱ ማብቃቱን ያመለክታል። የአምስቱ ቀን ዕረፍት ስላለቀ ልጅቱ «እንጫወት ነበር» አለች። በሌላው ክፍል ግን እናቷ ዛሬም በቤት ስላለች «ትነሣ ነበር» አላለችም።

3. አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለፈ ድርጊት። ምሳሌ፦ «ላከችኝ፣ ተነሣን፣ አወለቅሁ፣ ተከልን»። ጉዞን ወደ ፊት የሚያራምደው ይህ የኃላፊ ጊዜ ግሥ ነው።

እነዚህን መቀላቀል ስሕተት ላይ ይጥላል። «እናቴ በየቀኑ ማልዳ ተነሣች» ብንል ጆሮ አይቀበለውም፤ «በየቀኑ» የዘወትር፣ «ተነሣች» የአንድ ጊዜ ነውና።

የጊዜ ምርጫ የቅርጽ ጕዳይ ብቻ አይደለም። «ጎርፉ ማሳችንን ይወስዳል» የሚል ገበሬና «ጎርፉ ማሳችንን ይወስድ ነበር» የሚል ገበሬ ኑሯቸው የተለያየ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር መካከል የብዙ ዓመት ሥራ አለ። ስለዚህ ያላበቃውን ነገር እንዳበቃ፣ ያበቃውንም እንዳለ አድርጋችሁ እንዳትጽፉ ተጠንቀቁ።

ረ. የድርሰት አጻጻፍ

ስለ ቤታችሁና ስለ ዘመድ ጥየቃ ስትጽፉ ቀጥሎ ያለውን ሥርዓት ተከተሉ።

1. በቤታችሁ ዘወትር የሚደረጉ ዐሥር ነገሮችን በዝርዝር ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ የሌላ ሰው ቤት የማይጋራቸውን ሦስት ወይም አራት ምረጡ።

2. በጥየቃችሁ ጊዜ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የቀመሳችሁትን ለየብቻ መዝግቡ። የሰው ንግግር ካለ ተናጋሪው እንዳለው ጻፉት።

3. በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል የሚያገናኝ ነገር ፈልጉ። ውኃ፣ መንገድ፣ ምግብ ወይም ዕቃ ሊሆን ይችላል። የድርሰታችሁ ዋና ሐሳብ ከዚያ ይወጣል።

4. ጽፋችሁ ስትጨርሱ «አስደሳች፣ ውብ፣ ድንቅ» የሚሉትን ቃላት አስምሩባቸውና ሰርዟቸው። ዐረፍተ ነገሩ ያለ እነርሱ ባዶ ከሆነ፣ በቦታቸው ያያችሁትን ነገር ጻፉ።

ሰ. መልመጃ

1. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
   ሀ) የወላይታ ቤተሰቦች በደጋና በቆላ የተከፋፈሉበት ምክንያት ምንድን ነው?
   ለ) በጠርሙሱ ያለው ውኃ ሳይጠራ የቀረው ለምንድን ነው?
   ሐ) አባትየው «አፈሬን እየሸኘሁ ኖሯል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

2. በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግሥ ተስማሚ በሆነው ጊዜ ለውጣችሁ ጻፉ።
   ሀ) አያቴ ዘወትር ከቀትር በኋላ ጥጥ (ፈተለ)።
   ለ) ቀድሞ ከምንጭ ውኃ (ቀዳን)፤ አሁን ግን ቧንቧ ገብቶልናል።
   ሐ) ትናንት አጎቴ ከአርባ ምንጭ (መጣ)።
   መ) ዝናብ በዘነበ ቍጥር ጣሪያችን (አፈሰሰ)።

3. «ይቈርጡ ነበር» እና «ይቈርጣሉ» በሚሉት ግሦች ስለ አካባቢያችሁ ሁለት እውነተኛ ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።

4. የክረምት ውኃ ከደጃችሁ ተነሥቶ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚደርስ ከወላጆቻችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጠይቁ። በመንገዱ ላይ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ እርሱንም ጠይቁ። ከዚያም ባገኛችሁት መልስ መሠረት ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ድርሰት ጻፉ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ቤታችሁ የዘወትር ኑሮ፣ ሁለተኛው ውኃው ስለሚደርስበት ቦታ ይሁን።